አንድ ክንድ ያጠረ ባና

ሰኞ ታኅሣሥ 10

የባና ሠሪዎች ማኅበራችን ኃላፊ ጓድ ታምራት ዛሬም «ዕቅዱ ሲሞላ» አለኝ። መቼ ነው የሚሞላው ስለው በእስክሪብቶው ግድግዳውን ጠቆመኝ። እዚያ የምርት ሰሌዳው ላይ ከሐምሌ ጀምራ የምትንፏቀቅ ቀይ መስመር አለች። እሷ ሰሌዳው አናት ላይ ስትወጣ ነው እኔ ልጄን ላመጣ የምሄደው።

ደብሬ ለገና አካባቢ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው። በኩር ደግሞ የሚወለደው እናት ቤት ነው። እናት ራሷ ትሄዳለች፣ አማቶቿን አመስግና ልጇን ይዛ ትመጣለች። ሰው መላክ ነውር ነው። እናቷ ሳትመጣላት የቀረች ልጅ ዕድሜ ልኳን «ኧረ እናት አላትም ወይ» ስትባል ትኖራለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ደብሬ ከእኔ በቀር ማን አላት? እኔም ከእሷ በቀር የለኝም።

መንገዱ ደግሞ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም። እስከ አንበሳሜ በመኪና፣ ከዚያ የግማሽ ቀን እግር። ችግሩ የይለፍ ወረቀት ነው። ቀበሌው ያለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሰጥም፤ ደብዳቤው ታምራት እጅ ነው፤ ታምራት ቀይዋ መስመር እጅ ነው።

የቀረኝ ሥራ፦ የገንፎ ገብስ ማስፈጨት። መደቡን መለሰን። ቅቤ። የጓዳውን ጣራ ማስደፈን፤ አራስ ላይ ብርድ እንዳይገባ። አዋላጇን መንገር። ደብሬን ማምጣት።

የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ለምን እንደሚሆን እንጃ።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 11

የበግ ፀጉር አልቋል ማለት ይቻላል። ከጉና ተራራ በኩል ይመጣ የነበረው ጭነት አልመጣም፤ ሰዉ በጉን ሸጦታል አሉ። ባና የፀጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ያለ ፀጉር እንዴት ይሠራል ብዬ ታምራትን ብጠይቀው ስለ ጥሬ ዕቃ ቁጠባ ረጅም ንግግር አደረገልኝ። እንዴት እንደሚባዘት፣ እንዴት እንደሚፈተል ጭምር ነገረኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው። እኔ የተወለድኩት ከእንዝርት ሥር ነው፤ የማኅበሩ የምርት ኃላፊ ያደረጉኝም ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩ እንጂ ስለምፈትል አይደለም፤ መፍተልማ ሁሉም ይፈትላል።

ክፉ ልጅ ግን አይደለም። ከአዲስ አበባ አምጥተው እዚህ ብርድ ላይ ጣሉት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ በዚህ ላይ በየሳምንቱ ከበላይ አካል ይቆጡታል። እሱም የራሱ ቀይ መስመር አለበት።

ዓምና ዕቅዱ የተሰጠን በኪሎ ነበር። ሸማኔዎቹ ድሩንም ማጉንም አወፍረው አወፍረው፣ የለበሰው ሰው ሽንት ቢመጣበት እንኳ ከክብደቱ የተነሣ ሳይነሳ የሚያድርበትን ባና ሠሩ። ያኔ ሰንደቅ ተሸለምን። ዘንድሮ በኪሎ መለካቱ ስህተት ነበር ተባለና በቁጥር ሆነ። ስንት ባና? ነው ጥያቄው። ጥቅምት ላይ ፀጉሩ ሲመነምን ስብሰባ ተቀመጥን። አያ ደምሴ፣ ከሸማኔዎቹ ሁሉ አንጋፋው፣ ተነሥቶ ከእያንዳንዱ አንድ ክንድ ብናሳጥር ማን ያየዋል አለ። «ባና የሚለበሰው በጨለማ ነው» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እጅ አውጡ ተባለ፤ ሁላችንም አወጣን። እኔም አውጥቻለሁ። ከባናዎቹ ገሚሱ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ገሚሱ ወደ መጠለያ። የራሳችን ቤት አይገባም፤ ሳቃችንም ለዚያ ይመስለኛል።

ረቡዕ ታኅሣሥ 12

ሚካኤል። ፈታይ ሴቶቹ መጥተዋል፤ አለመምጣት ያስቀጣል። ግን በሚካኤል የሚፈትል የለም። እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው እንደ እንግዳ ተቀምጠው ዋሉ። ታምራት ገብቶ ለምን አይሠራም ሲል ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ እስኪደርቅ ነው አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ። በየወሩ በሚካኤልም፣ በገብርኤልም፣ በማርያምም የሚረጥብ ፀጉር አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ወይም አውቆ ዝም ይለናል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲበተኑ እኔ ቀረሁ። ሰሌዳውን አየሁት። ትንሽ ናት የቀረችው። በሩን ዘጋሁና ፈተልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክሩ እየተበጠሰ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን ላመጣ ነው፣ ለሌላ አይደለም እያልኩ ፈተልኩ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 13

ይህን ያመጣብኝ በሚካኤል መፍተሌ ነው። ሌላ ምን እላለሁ?

ሙሉ የምትባል ባቄላ ነጋዴ፣ ከአንበሳሜ ገበያ የመጣች፣ ጠዋት እየጠየቀች ቤቴ ደረሰች። ደብሬ ልካት ነው። የደብሬ እግር አብጧል አለችኝ፤ ጫማዋ አልገባ ብሏት በባዶ እግሯ ናት። ፊቷም አብጧል። ሌሊት ራሷን ያማታል። መልእክቱን ስትነግረኝ ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን አላየችኝም። «እማየ ዛሬ ትመጣለች እያለች ልብሷን ጠቅልላ በር ላይ ነው የምትውል። አማቷም ግቢ ይሏታል፣ አትገባም።»

ሮጬ ታምራት ዘንድ ሄድኩ። ፊቴን አይቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ይህን አድርጎ አያውቅም። ቅዳሜ የግምገማ ቡድን ከላይ ይመጣል አለኝ፣ የምርት ኃላፊዋ ከሌለች ማኅበሩ እንዳለ ይወድቃል፣ እሑድ ግን እሄዳለሁ፤ ደብዳቤውን አሁኑኑ ይፈርምልኛል። ፈረመልኝ። ማኅተሙን እያደረገ ሚስቱ አዲስ አበባ ወልዳለት ልጁን እስካሁን በፎቶግራፍ እንጂ በዓይኑ እንዳላየው ነገረኝ። ምን ልበለው? እግዜር ያሳድግልህ ልል ነበር፤ ጓድ ነውና ዋጥ አደረግሁት። መጨረሻ ላይ ግን አልኩት። አሜን አለ፣ ቀስ ብሎ።

እሑድ። ሦስት ሌሊት። እግር አብጦ ሦስት ሌሊት ይቆያል? ኧረ ይቆያል። እኔም እሷን ሳረግዝ አብጦ ነበር። ትንሽ ነበር ግን። ፊቴ አላበጠም።

ዓርብ ታኅሣሥ 14

መልካም ነገር ሁሉ ዛሬ መጣ።

የይለፍ ወረቀቱን አገኘሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለምን ጉዳይ ነው ሲለኝ ልጄን ለመውለጃዋ ላመጣ አልኩት፤ ተነሥቶ ፈረመ፤ እሱም የእናቱ በኩር ነው። ገብሱ ተፈጭቷል። ጣራው ተደፍኗል። አዋላጇ መርጌታ ቤት አጠገብ ያሉት ናቸው፤ እግሯ አበጠ ስላቸው ቶሎ አምጫት፣ ምጥ ሳይመጣ አምጫት አሉኝ። ከዚያ ሌላ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ቀይዋ መስመርም አናት ወጣች። አያ ደምሴ የመጨረሻዋን ባና ከመሸመኛው አውርዶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና ሙሽራ መሰልሽ ብሎ አሳቀኝ። ጫፏ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። የአባቴ ባና ተከናንቦት ሲቆም መሬት ይጠርግ ነበር። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። ከዚያ አጣጥፌ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኳት።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 15

ግምገማው ከጠዋት እስከ ማታ። እንግዶቹ አራት ዓምድ ያለው አዲስ መለኪያ ይዘው መጡ። ካሁን በኋላ በቁጥር ብቻ አይደለም፣ ሚዛናዊ ነው አሉ። ምርት፣ ጥራት፣ የንቃት ትምህርት፣ የሥራ ሥነ ሥርዓት። ሰውየው ሲያብራራ ሠራተኛው በሁሉም በኩል የተሟላ መሆን አለበት አለ። እኔ ዓምዶቹን እያየሁ ቤት የሚባል የት ጋ እንደሚገባ ፈለግሁ። በአራቱም የለም። የንቃት ትምህርት ላይ ባለፈው ወር አንድ ቀን ቀርቻለሁ፤ እሱ ግን ተመዝግቧል።

ምርት፦ ሙሉ ነጥብ።

ጥራት ላይ ደረሱ። ባናዎቹ ከኋላችን እስከ ጣራ ተደርድረዋል። አንዱን ይዘረጉታል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘረጉም። ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠና ከተጠቃሚዎች የመጣ ቅሬታ አለ? ብሎ ጠየቀ። ታምራት የለም አለ። እውነቱን ነው፣ የለም። ሆስፒታል የተኛ ድሃ ብርድ ልብሴ አጠረ ብሎ ለማን ይጽፋል? ጥራትም ሙሉ ነጥብ።

ያን ጊዜ ጓድ የሺ የምትጨምሪው አለ ወይ ተባልኩ። ቆምኩ። አያ ደምሴ መሬት መሬት ያያል። የይለፍ ወረቀቷ ጡቴ ሥር፣ መቀነቴ ውስጥ ናት፤ ስቆም ተንሿሿች። ብናገር ማጣራት ይመጣል፣ ማጣራት ከመጣ እሑድ አልሄድም። «የምጨምረው የለም» ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ።

ቤት ስገባ እራት አልበላ አለኝ። ስንቄን ቋጥሬ ነው የምጽፈው። ነገ በዚህ ሰዓት ደብሬ አጠገብ ነኝ።

እሑድ ታኅሣሥ 16

አልሄድኩም።

መኪና የለም። ሌሊት ትእዛዝ መጥቶ የጭነት መኪናዎቹን ሁሉ ለዘመቻ ወሰዷቸው። የት እንደሆነ አይጠየቅም። መናኸሪያው ቆሎ በምትሸጥ ሴትና እንደ እኔ በቀረ ሰው ተሞልቶ ዋለ። በየደቂቃው ሊመጣ ነው ይባላል፤ ስንቁን ተሸክመን እንነሣለን፤ አይመጣም፤ እንቀመጣለን።

ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና በእርግጥ መጣ። ሁላችንም ሮጥን። የእኛ ባናዎች ናቸው፤ እዚሁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል የሚወስዳቸው የመንግሥት መኪና። አያ ደምሴ ከላይ ተቀምጦ ሲያየኝ እጁን አነሣ፣ መልሶ አወረደ። ባናዎቹ መኪና አገኙ። እኔ አላገኘሁም።

በእግሬ ልነሣ ብል መሽቷል። ነገ ንጋት ላይ አህያ ነጋዴዎች ወደ አንበሳሜ ይወርዳሉ አሉ። ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ። ታምራት ሰኞ ሥራ ይገባሉ ብሎ ነበር፤ ይበል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እኔ ይኸው ስሞክር ከረምኩ። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ለምኛት ነው የማድረው።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 18

ትናንት አልጻፍኩም።

ከነጋዴዎቹ ጋር ሳይነጋ ወጣን። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ አንድ ቁልቁለት ላይ ከታች ሰዎች ሲመጡ አየን። ቃሬዛ ተሸክመዋል። ነጋዴዎቹ መንገድ ለቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አስከሬን መስሏቸው ነው። እኔ ከኋላ የምትመጣዋን ሴት አየሁ። ወይዘሮ አንጓች ናቸው፣ የደብሬ አማት። ነጠላቸውን አገልድመው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ተሸካሚዎቹን በእግር ይከተላሉ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስንቄን የት እንደጣልኩም አላውቅም።

ደብሬ አይኗ ተከፍቷል፤ ግን አታየኝም። እሑድ ማታ ምጥ ሳይጠና አንዘፈዘፋት፣ ምላሷን ነከሰች፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ናት። የመንደሩ ሴቶች ከእኛ አቅም በላይ ነው ሲሉ ባሏና ወንድሞቹ አውድማ ላይ የተከመረውን ገብስ ትተው ተሸከሟት። ወይዘሮ አንጓች ይቆጡኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦ «አንቱን ስንጠብቅ ነው የዘገየነ፤ ነገ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች ስትለን። ሳትመጡላት ልጅ መስደድ ነውር ይሆንብናል ብለን ነው፤ ይቅር በሉን።»

ይቅር በሉን አሉኝ። እሳቸው እኔን።

መንገዱን ተመለስነው። የምናገኘው ሰው ሁሉ ማርያም ትፍታሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ ይላል። ጎበዙ ሁሉ ሳይጠየቅ ትከሻውን እየሰጠ ተሸካሚዎቹን ተቀበለ፤ ስማቸውን አላውቅም። ሆስፒታል ስንደርስ ጀምበር ገብታለች። ደጅ ቁጭ በሉ ተባልን።

ሌሊቱን ተወለደ፤ ወንድ ልጅ ነው። ትንሽ ነው፣ ድምፁም ቀጭን ነው፣ ግን አለቀሰ። ወይዘሮ አንጓች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ደብሬ ግን ገና አልነቃችም። ነርሷ ደም ብዙ ፈሷታል፣ ትኩሳትም አላት፣ መንዘፍዘፉ ሊመለስ ይችላል፣ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈች ነው አለችን። ካለፈች ምን እንደሆነ አልጨረሰችውም።

ለአራስ የሚባለውን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽን፣ እስካሁን ማንም አላለም። እኔ ነበርኩ ማለት ያለብኝ። ማርያም ገና ምራ አልጨረሰቻትም መሰለኝ፣ ፈራሁ።

ረቡዕ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ደወሉ እስከዚህ ይሰማል።

የተኛችበት ክፍል ረጅም ነው፣ በመስኮቱ የተሰበረ በኩል የጉና ብርድ ይገባል። ትናንት ምንም አላየሁም፤ ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ጠዋት ሲነጋጋ እግሮቿን አየሁ። ወጥተዋል። አብጠዋል፣ ጣቶቿ ጠቁረዋል፣ ቀዝቅዘዋል። ባናውን ወደ ታች ሳብኩላት፤ ደረቷ ተራቆተ። ወደ ላይ መለስኩ፤ እግሯ ወጣ። እንደገና ወደ ታች። እንደገና ወደ ላይ። ያን ጊዜ ዳሩን በእጄ ያዝኩና ስፌቱን አወቅሁት። የአያ ደምሴ እጅ ነው። አዲስ ነው፣ ገና በግ በግ ይሸታል። ማጉም ቢሆን ከመካከሉ ቅጥልጥል ያለበት አለ፤ በተንቀጠቀጠ እጅ የተፈተለ።

ወይዘሮ አንጓች ምነው ብለው ሲያዩኝ ምንም የለም አልኳቸው። እሳቸው ልጁን ታቅፈዋል፤ በውሃ የራሰ ጨርቅ ከንፈሩ ላይ እያደረጉ። ነጠላቸውን ለእሱ አልብሰዋል። የኔን ነጠላ ደብሬ እግር ላይ ጠቀለልኩ። አልሞቀም። እጄን አስገብቼ ያዝኳቸው።

ረፋድ ላይ ጓድ ታምራት መጣ። ብርቱካን ይዟል፤ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ሰኞ ከሥራ ስለ መቅረቴ አንድ ቃል አላነሣም። በሹክሹክታ፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ፣ ከአውራጃው አንደኛ መውጣታችንን ነገረኝ። በአራቱም ዓምድ። ቅዳሜ ሰንደቁን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት አለኝ። እኔ እጄን ከደብሬ እግር ሳላወጣ እሰማዋለሁ።

ወሬውን ሲጨርስ ነው ያየው። መጀመሪያ እጄን፣ ከዚያ ባናውን፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ዞረ። እዚያ አንድ ሽማግሌ እንደ ሕፃን ጉልበታቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ተኝተዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው ነው። በዚያ ረድፍ እግሩን የዘረጋ ሰው የለም።

«ልጅዎ ረጅም ናት እንዴ?» አለኝ።

«አይደለችም» አልኩት። «እኔን ነው የምታክለው።»

ብርቱካኖቹን ራስጌ አስቀመጠ። የአንገት ልብሱን ፈትቶ በሽማግሌው እግር ላይ ጣል አደረገና ወጣ። ቅዳሜ ምን እንደሚናገር አላውቅም። እኔም ምን እንደምናገር አላውቅም፤ ቅዳሜ ከዚህ በጣም ሩቅ ነው።

አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ጥቂት ጠባ፤ ወይዘሮ አንጓች ደገፍ አድርገው ጡቷ ላይ አስጠግተውት፣ እሷ ሳታውቅ። የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ሌላው እግሯን ይዟል። ቅድም እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘው እግሯ ትንሽ ሞቋል። ከእጄ ይሁን ከትኩሳቱ አላውቅም።